በእጅ ብቻ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ዛሬ ጠዋት ዘመድነቱን አስመሰከረ። የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ነው የሰማሁት። መታጠቢያ ቤታችንን ከኮሪደሩ የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ነው፤ ወንድም ጋሼ ደግሞ ስልክ ሲያወራ ስልኩን የሚያምነው አይመስልም፣ ማዶ ያለው ሰው በቀጥታ እንዲሰማው ነው የሚጮኸው። ቤቱን ቀለም እያስቀባ ስለሆነ ከእሁድ ጀምሮ የሚያድረው እኛ ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። የሚያወራው ከእትዬ ጋር ነበር፣ ከታላቅ እህታችን። «እሷ እኮ ነፃ ናት» ይላል። «ባል የላት፣ ልጅ የላት። ሥራዋም ቢሆን ጠዋት ማሽን ማብራት፣ ማታ ማሽን ማጥፋት ነው። ለዚህ ብላ ሌላ ከተማ ብትሄድ አባዬን ማን ሊቀሰቅሰው ነው?» እትዬ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ እሱ ግን «በቃ፣ ተስማማን» ብሎ ዘጋው። ሁለቱ ሸንጎ ተቀምጠው ፈረዱ፤ ተከሳሿ አረፋ በአፏ ይዛ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት የሕክምና ላቦራቶሪ፣ በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ ለአንድ ዓመት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆነሽ ሂጂ ብለውኛል። ደሞዙ ይጨምራል፣ እሱም ይሁን። ልቤን የወሰደው ግን «ኃላፊ» የሚለው ቃል ነው። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ሚጣ ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ «ማሽን የምታበራዋ»። እሁድ ምሳ ላይ ስነግራቸው ሁሉም አፋቸው እንደሞላ እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኝ ነበር። ደስታቸው ግን ረቡዕን አልተሻገረም። መልሴን በፊርማ የማረጋግጠው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካለፈ ሌላ ሰው ይላካል።

አባዬ ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል፣ በቀረው ከሁላችንም የተሻለ ነው። በሥራ ዘመኑ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ላይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዓት እያየ አውቶቡስ ሲያስወጣ ኖረ። አውቶቡሱ መሄድ ሲችል ጎኑን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል፣ ሾፌሩም ይነዳል። እማዬ ካለፈች አምስት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በሩን ከፍቼ እገባለሁ፣ መጋረጃውን እገልጣለሁ፣ እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አደርገዋለሁ። «ነጋ እንዴ?» ይላል፣ ሁልጊዜ በዚያው ድምፅ። ኪኒኑን ከነውሃው እሰጠዋለሁ፣ ሻይ አፈላለታለሁ፣ ከዚያ ነው የምወጣው። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሁለት ቀን ስሄድ ወንድም ጋሼ ሊተካኝ መጥቶ፣ አባዬ እስከ አራት ሰዓት ሳይነሳ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ካልቀሰቀስኩት አይነሳም የሚለው ነገር በቤታችን ሕግ ሆኖ ጸደቀ።

ዛሬ ግን አፌን ተጉመጥምጬ፣ ቦርሳዬን አንስቼ፣ የአባዬን በር አልፌው ወጣሁ። ነፃ ነኝ አይደል? ነፃ ሰው እንዲህ ነው የሚወጣው። ወንድም ጋሼ እዚያው ነው፣ እሱ ይቀስቅሰው። ንዴቴ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ወርዶ ብቻዬን ጥሎኝ ሄደ። ልመለስ አልኩ። ሰዓቴን ሳየው አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው። እኔ ካልደረስኩ ደግሞ ላቦራቶሪው አይከፈትም።

ሥራዬን ላስረዳ፤ ወንድም ጋሼም ቢሰማኝ አልጠላም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጋር የምትዋሰን ጠባብ ክፍል አለች፣ እዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰርቨር ተቀምጧል። አንድ ይባል እንጂ በሆዱ አራት ይዟል። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ በእጅ አይዳሰሱም፣ ግን እያንዳንዳቸው ራሴን የቻልኩ ኮምፒውተር ነኝ ብለው ነው የሚኖሩት። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ አራት ተከራዮች በሏቸው። አከራዩ ከተዘጋ ሁሉም ተዘጉ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት እንዲሉ፣ እኔ ያወጣሁላቸውን ስም አሁን ቢሮው በሙሉ ይጠራቸዋል። ዘበኛው የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል ያውቃል፣ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው እሱ ነው። መዝገብ ቤት የታካሚውን ሁሉ ፋይል ይይዛል። ዶክተሯ ከመመርመሪያዎቹ የሚመጣውን ቁጥር ተቀብላ ውጤት ትጽፋለች። ፖስተኛው ውጤቱን ለማተሚያውና ለሰው ስልክ ያደርሳል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጪ ይቀነስ ተብሎ የሕንፃው መብራት ይጠፋል፤ ጠዋት እኔ አከራዩን አስነስቼ፣ ተከራዮቹን በየተራ፣ አንድ በአንድ፣ በእጄ አነሳለሁ።

በእጄ የሆነበት ምክንያት አለው። የዛሬ ሦስት ዓመት ራሳቸው ይነሱ ነበር፣ አከራዩ ሲነሳ ሁሉም እኩል ግር ብለው። አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄዶ መጣ፤ ዶክተሯ ተሽቀዳድማ መዝገብ ቤት ዓይኑን ሳይገልጥ ሥራ ጀመረች። ለሠላሳ አንድ ሰው ከላይ ስም ያለበት፣ ከታች ባዶ የሆነ ወረቀት ታተመ። አንድ ሽማግሌ ባዶውን አይተው ምንም የለብኝም ማለት ነው ብለው ፈጣሪያቸውን አመስግነው ሄዱ፤ ስኳራቸው ግን ጣሪያ ነክቶ ነበርና ቀኑን ሙሉ ስንፈልጋቸው ዋልን። ሥራ አስኪያጃችን፣ እኛ ጋሽ ማኅተም የምንላቸው፣ በማግስቱ አንድ ወረቀት አጽፈው፣ ማኅተም መትተው፣ በላስቲክ አስለብጠው በራችን ላይ ለጠፉ፦ «ማሽኖቹ የሚነሱት በእጅ ብቻ ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያው እስከ ዛሬ አለ።

እውነቱን ልናገር? መፍትሔውን ያን ሳምንት ነው ያወቅሁት። አከራዩ ላይ ማስተካከያ አለ፤ ማን ቀድሞ እንዲነሳ፣ ማን ስንት ደቂቃ እንዲጠብቅ ትነግረዋለህ። መብራት ሲሄድም ድንገት ከሚቆረጡ፣ መጠባበቂያው ባትሪ ይዟቸው ሥርዓታቸውን ጠብቀው እንዲዘጉ ታዝዛለህ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሦስት ዓመት ያልሠራሁት ጋሽ ማኅተም ከልክለውኝ ነው እላለሁ፣ ሰውም ያምነኛል። ግን ደስ ይለኝ ነበር። ስልሳ ሠራተኛ ያለኔ ጣት ሥራ መጀመር አይችልም፤ ከቤቴ ወጥቼ እዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ስገባ፣ ይችን አንዲት ነገር ብቻ እየያዝኩ ነበር የምገባው። አሁን ይኸው ራሴ ባሰርኩት ገመድ ተያዝኩ። ጋሽ ማኅተም ማሽኖቹ ካላንቺ የማይነሱ ከሆነ አንቺን አልለቅም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ለምኜ ለምኜ ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ እንድሞክር ፈቀዱ። ማስተካከያውን ትናንት ጨርሼዋለሁ፦ ዘበኛው ወዲያው፣ መዝገብ ቤት ከሦስት ደቂቃ በኋላ፣ ዶክተሯ በሰባት፣ ፖስተኛው በአሥር።

አራት ሰዓት ላይ ወንድም ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ አባዬ ኪኒኑን ወሰደ ወይ ብዬ። ዝም አለ። የወንድም ጋሼ ዝምታ ብርቅ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። አንቺ ቀስቅሰሽው የወጣሽ መስሎኝ፣ ሻይ ባለማግኘቴ ተናድጄ እኔም ወጣሁ አለኝ። የቤቱን ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። የአባዬን ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። በአምስት ሰዓት ደወልኩ፣ በስድስት ደወልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ኃላፊ እሆናለሁ ብዬ አባቴን ያለ ኪኒን አልጋ ላይ ጥዬው መጣሁ። ልነሳና ልሂድ እላለሁ፣ ከሄድኩ ሙከራው ቀረ፣ ሙከራው ከቀረ ፊርማው ቀረ። ቂጤ ወንበሩ ላይ፣ ልቤ ቤት ሆኖ ስድስት ተኩል ደረሰ።

ጋሽ ማኅተም ዳቦ በእንቁላላቸውን ይዘው መጡ። ታች እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ በስልክ መስመር ላይ ናት። የመብራቱን ብሬከር ራሳቸው እንዲያወርዱት ነገርኳቸው፤ አወረዱት። ጨለማ ሆነ፣ ባትሪው መጮህ ጀመረ። ላፕቶፔ ላይ ተከራዮቹ በየተራ ሲዘጉ አየን፤ ፖስተኛው ቀድሞ፣ ዶክተሯ ተከትላ፣ መዝገብ ቤት፣ በመጨረሻ ዘበኛው። ከዚያ አከራዩ ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። ያቺ ክፍል በቀን ብርሃን እንዲህ ጸጥ ስትል ሰምቼ አላውቅም። «መልሺው» አሉኝ ጋሽ ማኅተም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ብሬከሩን መለስኩ።

አከራዩ ተነሳ። ዘበኛው ተነሳ። በሦስተኛው ደቂቃ መዝገብ ቤት ተነሳ። ሰባተኛው ደቂቃ ደረሰ፤ ዶክተሯ የለችም። ስምንት ሆነ። እጄ እኔ ሳላዛት ወደ ማውሱ ስትሄድ አየኋት። ጋሽ ማኅተምም ዳቧቸውን ማላመጥ አቁመው፣ «እስቲ ነካ አድርጊያት፣ ምን ችግር አለው?» አሉ። ይኼኔ ነው የሳቅሁት። ከነካኋት እማ ምን ሞከርን አልኳቸውና እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባት። ስልኬ ላይ ደግሞ የአባዬ ቁጥር ሳይነሳ እየጠራ ነው። በዘጠነኛው ደቂቃ ዶክተሯ ብቅ አለች። ለካ ሁልጊዜም ስትነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ራሷን ትፈትሻለች፤ እኔ በዚያ ሰዓት ሻይ ላፈላ ስለምሄድ ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻት አላውቅም። ፖስተኛውም በአሥረኛው ሲነሳ፣ ታች ያለችው ልጅ አንድ የድሮ ውጤት አሳትማ፣ ከላይ ስም አለ፣ ከታች ቁጥር አለ፣ ሙሉ ነው አለችን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጋሽ ማኅተም ለቅርንጫፉ የሚለቁኝን ወረቀት እዚያው ፈረሙ። የበሩን ወረቀት ልንቀለው ወይ ስላቸው ግን ትንሽ አሰቡና፣ እሱ ይቆይ፣ ማኅተም አለበት አሉ።

ከሳቸው ፊርማ በታች የኔ ቦታ ባዶ ነው፤ አባዬን ሳላይ ልሞላው አልቻልኩም። ከአሥራ አንድ በፊት እመለሳለሁ ብዬ ሮጥኩ። የኮንትራት ታክሲው የሦስት ቀን ምሳዬን በላ፤ ይብላ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘልዬ ስደርስ በሩ አልተቆለፈም። አልጋው ላይ አባዬ የለም። አልጋው ተነጥፏል፣ ያውም እኔ እንደማነጥፈው ሳይሆን አንድ ሽብሽብ የለበትም። የኪኒን ማስቀመጫው ላይ የረቡዕ ክፍል ባዶ ነው። የሻይ ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቷል። ሶፋው ላይ ወንድም ጋሼ የዘረገፈው ብርድ ልብስ እንኳ ታጥፏል።

የአባዬ ክፍል መንገዱን የሚያይ በረንዳ አላት። እዚያ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሬዲዮ ማዳመጫ በሁለት ጆሮው ሰክቶ ተቀምጧል፤ ስልክ እንዴት ይስማ። ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ይጽፋል። አልሰማኝም፤ በትከሻው ላይ አጎንብሼ አነበብኩ። በዚያ በጥንቃቄ በሚጻፍ የመሥሪያ ቤት ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «11፡05 — የመጀመሪያው አለፈ። በሰዓቱ። 11፡25 — ሁለተኛው። አራት ደቂቃ ዘገየ።» ከሥር ደግሞ፣ «12፡00 — ሚጣ ተነሳች። 12፡25 — ሚጣ ሳትመጣ ወጣች። ተናዳለች።» የትናንቱን ገጽ ገለጥኩ። «12፡15 — ሚጣ መጣች። ተኝቼ ጠበቅኋት።» የትናንት ወዲያም ያው ነው። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ነቀልኩት። ዘወር ብሎ አየኝና ልማድ ሆኖበት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ «ነጋ እንዴ?» አለ።

ከዚያ በኋላ መካድ አልቻለም። ሠላሳ ዓመት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያስወጣ ሰው እንቅልፍ ከየት ያመጣል አለኝ። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። ያኔ የሠርጉ ጊዜስ ስለው፣ ወንድምሽ ሊቀሰቅሰኝ መጥቶ እሱ አልነሳ አለ፣ እኔ ቀድሜው ተነስቼ ላሳፍረው ወይ አለኝ። ኪኒኑን ግን በሰዓቱ ውጦ ነበር። ስቄ ስቄ ሳበቃ፣ ታዲያ በየቀኑ ለምን ትተኛልኛለህ አልኩት። ተነሳና፣ ጉልበቱን እየያዘ፣ ከአልጋው ሥር ካርቶን ጎትቶ የደበዘዘ አሮጌ ደብተር አወጣ። እማዬ ያለፈችበት ወር ነው።

«12፡40 — ሚጣ አልተነሳችም።» በማግስቱ፣ «1፡30 — ሚጣ አልተነሳችም።» «3፡00 — አልተነሳችም። ሥራም አልሄደችም።» «5፡10 — አልተነሳችም። የሰጠኋትን አልበላችም።» አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ይቀጥላል። እኔ ያንን ወር እንደ ጭጋግ ነው የማስታውሰው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛቴን ብቻ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንዲህ ይላል፦ «12፡15 — ብቻዬን መነሳት አቃተኝ፣ ነይ ቀስቅሽኝ ብዬ ጠራኋት። መጣች።»

ትዝ አለኝ። ድምፁ ከዚህ ክፍል ሲጠራኝ፣ የታመመ መስሎኝ ደንግጬ ስነሳ፣ በባዶ እግሬ ስሮጥ።

«የምትቀሰቅሺው ሰው ካለሽ ትነሻለሽ ብዬ ነው» አለ አባዬ።

አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም። እሱም አላባበለኝም፣ መሐረቡን ብቻ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ፊርማው እስከ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ፊርማው ዛሬ መሆኑን ማን ነገረህ ስለው፣ ጣውላው ለኔም ስስ ነው፣ ወንድምሽ ሲያወራ እንኳን እኔ መንገድ ላይ ያለው ሾፌርም ይሰማዋል አለ። እስከ አሥራ አንድ ነው አልኩት። ግን ማን ይቀሰቅስሃል ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አምስት ዓመት ቀሰቀስሽኝ፣ ልጄ። በደንብ ነቅቻለሁ። ወንድምሽንም ቀለሙ እስኪደርቅ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ።»

ሰዓቱን አየ፣ ደብተሩን አየ። የስምንት ከሃምሳው ይደርሳል፣ ረቡዕ ረቡዕ ሦስት ደቂቃ ይዘገያል፣ ጫማሽን አታውልቂ አለኝ። ቦርሳዬን አቀበለኝ። በሩ ድረስ እግሩን እየጎተተ ሸኘኝና ትከሻዬን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገኝ። ወረድኩ። አውቶቡሱ እንዳለው ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ከመስኮቱ ቀና ብዬ ሳይ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጽፋል፤ ምን እንደጻፈ ያየሁት ፈርሜ ስመለስ ነው።

«8፡53 — ሚጣ ወጣች። በሰዓቷ።»